በበዓለ ሃምሳ የጾመች ልጅ

ልጄ ጻድቅ የነበረችው ለአንድ ሁዳዴ ብቻ ነው። በፋሲካ ማግስት ማዕረጓ ተገፈፈ፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ደግሞ ጋኔን ያደረባት ሆና አረፈችው። የንፋስ መውጫ ሰው መሾምም መሻርም አይቸግረውም።

ነገሩ ሁሉ የድንች ነገር ነው። ልጄ ያን ጊዜ አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነበር። አትናገርም፤ ስትጠራም አትዞርም። የምትበላው ሁሉ ነጭ ነው፦ ያለ ጨው የተቀቀለ ድንች፣ ቅርፊቱ የተላጠ የሱቅ ዳቦ፣ ከዚያ ውኃ። በቃ። ድንቹ ከተሰነጠቀ አትበላም። ጥቁር ነጥብ ካለበትም አትበላም። ከአረንጓዴዋ ሳህኗ ውጭ ከቀረበላት ሳህኑንም፣ ድንቹንም፣ እኔንም ትታ ትሄዳለች። ደግነቱ የተወለደችው ጋይንት ነው። ብርቱካን ብቻ የምትበላ ልጅ ቢሰጠኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር እያልሁ እጽናና ነበር።

ከዓመት በፊት ደብረ ታቦር ወስደናት ሐኪሟ ኦቲዝም መሆኑን ነግራን ነበር። አፈጣጠሯ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ሽታውም ድምፁም ጣዕሙም ከኛ ይልቅ እሷ ላይ ይበረታል አለችን። ይህን ቃል ይዤ ሰፈር ገባሁ። ሰፈሩ ቃሉን ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አየው፣ መለሰልኝ። አንዷ ጎረቤቴ “አሞላቅቀሻት ነው” አለች። ሌላዋ “ዓይን ነው” አለች። ሦስተኛዋ፣ የራሷ ልጆች ከጓሮ ጎመን እየነቀሉ በጥሬው የሚበሉት፣ ወጥ ስለማልችል መሆኑን በዘዴ ነገረችኝ። ሁሉም የተስማሙበት ምክር ግን አንድ ነው፦ “ተያት፣ ሲርባት ትበላለች።” ይህን የማይመክር ሰው ጋይንት ውስጥ አልገጠመኝም። እናቴን ልጠይቅ ስማዳ ብወርድ ወገዳ መናኸሪያ ላይ እንኳ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ልጄ ሲርባት ትተኛለች እንጂ አትበላም። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና “ገና አልራባትም” ይሉኛል።

ከምክሩ የባሰው ጉርሻው ነው። በኛ አገር ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ስድብ። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ እንጀራ በወጥ ጠቅልሎ ወደ ልጄ አፍ ይዘምታል። እሷ አፏን ትገጥማለች። “በሞቴ!” ይላል እንግዳው። ትልቅ ሰው በሞቴ ሲባል የጠገበ ሆዱን እያሻሸም ቢሆን ይጎርሳል፤ የሰው ሞት አንገቱ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። ልጄ ግን ለማንም ሞት ግድ የላትም። አንድ የባለቤቴ አጎት ከእስቴ መጥቶ በራሱ ሞት ለመናት፣ በሚስቱ ሞት ለመናት፣ በመጨረሻም በበሬው ሞት ለመናት። በሬው ላይ ሲደርስ እኔ ራሴ ደነገጥሁ። እሷ ጣሪያውን እያየች ነበር። “ልበ ደንዳና!” አለና ጉርሻውን ራሱ ጎረሰው።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ነገር ተገለበጠ። የሰው ልጅ ሁሉ ወተት ወተት እያለ ሲያለቅስ፣ ጎልማሳው ቅዳሴ እስኪወጣ ሰዓት ሰዓቱን ሲያይ፣ የኔዋ ያለ ጨው ያለ ዘይት ድንቿን ታኝካለች። መጀመሪያ ያስተዋሉት የክርስትና እናቷ ናቸው። እኒህ ሴት አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ የራሳቸው ልጅ የሌላቸው፣ ልጄን ከኔ በላይ የሚሳሱላት።

“አንች፣ ይች ልጅ እኮ ዘይት እንኳ አትነካም!” አሉኝ። “ይኸ የባሕታውያን ጾም ነው።”

“እትዬ፣ በጥቅምትም አትነካም” አልኋቸው።

አልሰሙኝም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሴቶች ሲያልፉ ሲያገድሙ የልጄን እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ ያደርጉ ጀመር። እሷ ሰው ሲነካት አትወድምና ትጮኻለች። ጩኸቷን ትንቢት አድርገውት እርስ በርስ ይተያያሉ። የነፍስ አባታችን እንኳ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም እንደማይገባው አሳምረው የሚያውቁት፣ አንዱን ዓርብ ቀን ሥጋ በልቷል የተባለ ጎልማሳ ሲገሥጹ “ያች ሕፃን በድንች ስትውል!” ብለው ልጄን ስብከት አደረጓት። እኔ ደግሞ አላስተባበልሁም። “ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድሽው” ሲሉኝ የኖሩ አፎች “ማኅፀንሽ ይባረክ” ሲሉ መስማት ደስ ይላል። ማን ይጠላል?

ማንም ያላየው የጻድቋን ሆድ ነው። ድንችና የሱቅ ዳቦ ብቻ የሚገባበት ሆድ መውጫው ይጠፋበታል። ልጄ ሲመጣባት በር ጀርባ ትገባለች። በእግር ጣቷ ቆማ፣ ጭኗን ገጥማ፣ ፊቷ እስኪቀላ ትይዘዋለች። አንድ ጊዜ አሟታልና ሁለተኛ እንዳያማት መሆኑ ነው። የያዘችው ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ የባሰ ያማታል፤ ሲያማት ድንቿንም ትቀንሳለች። ይህን ያወቅሁት ከማንም ተምሬ ሳይሆን በር ጀርባ አብሬያት እየቆምሁ ነው። “አይዞሽ” እላለሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የሁዳዴው አጋማሽ ላይ ሆዷ እየጠነከረ እንደሆነ ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው “ጾም ሆድ ያደርቃል፣ ያለ ነው” አሉኝ። ለጻድቅ ሕመምም ጌጥ ነው።

ፋሲካ ሆነ። ጾም ተፈታ፤ ልጄ አልፈታችም።

ዶሮው ቀረበላት፤ ጀርባዋን ሰጠችው። እንቁላሉ ከሳህኗ አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ ሳህኗን ትታ ሄደች። በበዓለ ሃምሳ መጾም ደግሞ ክልክል ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ትናንት ባሕታዊት የነበረችው ልጄ ዛሬ ሕግ አፍራሽ ሆነች። “ጌታ ተነሥቶ ሳለ የምትጾም፣ ምን ቢያድርባት ነው?” ተባለ። ጩኸቷን ትንቢት ሲያደርጉ የነበሩት ሴቶች አሁን ስትጮኽ ያማትባሉ። ጩኸቱ ያው ጩኸት ነው።

የክርስትና እናቷ ግን አልከዷትም። ለሳቸው ነገሩ ቀላል ነበር። የልጅቱ ሆድ የደረቀው ቅቤ ስለጎደላት ነው፤ ቅቤ ደግሞ ተሸሽጎ መግባት ይችላል። የማክሰኞ ዕለት እኔ በረንዳዬ ላይ ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ የምተዳደረው በስፌት መኪናዬ ነው። እሳቸው “ድንቿን ዛሬ እኔ ልቀቅልላት” ብለው ጓዳ ገቡ። ድንቿን በምቀቅልበት ድስት ንጥር ቅቤ አቀለጡ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ከሩቅ የሚጣራውን፣ ለራሳቸው የሚሰስቱለትን። ድንቹን ቀቀሉ፣ ላጡ፣ በቅቤው አሸት አሸት አደረጉ። ከዚያ ላዩ ነጭ መስሎ እንዲታይ አንድ በአንድ በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉት። ድካማቸውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ሙሽራ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያሰናዳት የለም።

ልጄ ሳህኗን ተቀበለች። አንዱን አንሥታ ወደ አፏ ስታደርስ ቆመች፤ አሸተተችው። ከዚያ በበሩ በኩል እኔን አየችኝ። ልጄ የሰው ዓይን አታይም፤ ያን ዕለት ግን አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ አልናገርም። ድንቹን መልሳ አስቀመጠች፣ ሳህኗን ገፋችው፣ ሄዳ ሲሚንቶው ላይ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ድንች ስትባል ከእሳት እንደሚሸሽ ሰው ሆነች።

እትዬ ያደረጉትን ነገሩኝ፤ ለማጽናናት ያገኙት ቃል ግን “ሲርባት ትበላለች” የሚል ነበር።

አልበላችም። በማግስቱም አልበላችም። ዳቦውንም ተወችው። ውኃዋን ጉንጭ ጉንጭ እያለች ሲሚንቶው ላይ እጥፍጥፍ ብላ ትውላለች። ሆዷ ከበሮ ሆነ። ስነካው ታቃስታለች፤ ሳልነካውም ታቃስታለች። ፈራሁ። ልጄ በእጄ ላይ፣ ድንች በሞላበት አገር፣ በረኃብ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስፈራ እቆጣለሁ። “እትዬ፣ ያላትን አንዲት ምግብ ወሰዱባት!” ብዬ ጮኽሁባቸው።

“ቅቤ እኮ ነው ልጀ፣ መርዝ አላበላኋት” ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ቅቤ መሆኑ ነው ችግሩ። መርዝ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ፖሊስ ይጠራል። በኛ አገር በቅቤ የተበደለ ሰው ማን ዘንድ ሄዶ ይከሳል?

ደብረ ታቦር እንዳልወስዳት መንገዱ ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ እንደ ልማዱ። ስለዚህ እዚሁ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት። ነጭ ጋወን የለበሰው ወጣት ሆዷን ሳይነካ “ትል ይሆናል፣ ሰገራ አምጪ” ብሎ ባለ ክዳን ትንሽ ዕቃ ሰጠኝ። “ወንድሜ፣ እሱ አልወጣ ብሎኝ እኮ ነው የመጣሁት” አልሁት። “ያለ ምርመራ መድኃኒት አንሰጥም” አለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው። ዕቃውን ይዤ ወጣሁ። አሁን ቁልፍ አስቀምጥበታለሁ፤ ክዳኑ ጥሩ ይገጥማል።

ከዚያ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ተልባ ያመጣች አለች፣ ፌጦ ያመጣች አለች፣ የጉሎ ዘይት በብልቃጥ ያመጣች አለች። ሁሉም መድኃኒት በአፍ የሚገባ ነው፤ አፉ ግን ተዘግቷል። ይህን ያሰበበት የለም። በመጨረሻ አንዲት ጎበዝ ሴት መላ አገኘች፦ ሁለት ሰው ይያዛት፣ አፍንጫዋ ይታፈን፣ ስትከፍት ይንቆርቆር። ለታመመ በግ እንዲህ ይደረጋል፣ በጉም ይድናል አለች። እጅጌዋን መጠቅለል ስትጀምር ተነሥቼ ልጄ ፊት ቆምሁ። እጄ ላይ የልብስ መቀሴ ነበረ፤ ሳላስበው ነው የያዝሁት። የልብስ ሰፊ መቀስ ትልቅ ነው። ሴትዮዋ መቀሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጅጌዋን መለሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ ጋኔኑ ከልጅቱ ወደ እናቲቱ ተሻገረ ተባለ። ተሻግሮም ከሆነ ጥሩ ጋኔን ነው፤ ጠያቂውን ቀነሰልኝ።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ባለቤቴ ከወፍጮ ቤቱ መቅረት አልቻለምና ብቻዬን ይዣት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ክምር ድንጋይ ሳንደርስ ተሳፋሪው ለልጄ ሙዝ አቅርቦ፣ ብስኩት አቅርቦ፣ ቆሎ አቅርቦ፣ ሁሉንም ተነፍጎ፣ ሲርባት ትበላለች ብሎ ጨርሶ ነበር። በመስኮት የጉናን ተራራ እያየሁ ሄድሁ።

ሐኪሟ አልረሳችንም። እጇን በትንፋሿ አሙቃ የልጄን ሆድ በቀስታ ዳሰሰችው። ተከማችቶ ደርቋል አለች። እዚያው የሚያለሰልስ መድኃኒት በኋላዋ በኩል ሰጠቻት፤ ለቤት ሽሮፕ ጨመረችልኝ። እስከ ነገ ወዲያ ካልወጣላት ወይም ካስመለሳት ሳትውይ ሳታድሪ ተመለሽ፣ ባሕር ዳር መላክ ይኖርባት ይሆናል አለችኝ። እኔ ስለ ቅቤው ነገርኋት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

“አሁን ስለ ጎመን፣ ስለ እንቁላል አታስቢ” አለችኝ። “ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ድንቿን መልሽላት። ምግቧ ውስጥ ደግሞ ምንም አትደብቂ፤ መድኃኒቱንም ቢሆን።”

ድንቿን መልሽላት ማለት ቀላል ነው። ቤት ገብቼ ከገበያው የመረጥሁትን፣ ነጥብ የሌለበትን ቀቀልሁ። በሳህኗ አቀረብሁ። ዞር አለች። ድስቱን በአመድ አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ ደፋሁት፣ እንደገና ቀቀልሁ። ለኔ አፍንጫ ድስቱ ከተገዛበት ቀን ይልቅ ንጹሕ ነበር። ይህን ጊዜ ልጄ ምን አደረገች? ሳህኗን አልፋ፣ ግድግዳ ይዛ እየተንገዳገደች፣ ጓዳ ገባች። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተችውና ተመልሳ ተኛች። እኔ እዚያው እንደቆምሁ ቀረሁ። ለካ የተጣላችው ከድንቹ አይደለም፤ ከድስቱ ነው።

ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልደርብ ገበያ ወረድሁ። ድስት ሻጩ “ፋሲካ አልፎ የምን ድስት ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። “ለጾም ነው” አልሁት። ሳቁ ቆመ።

ከጓዳው ሽታ ርቄ ጓሮ ሦስት ጉልቻ ጎለትሁ። ልጄን አቅፌ የጓሮው በር ላይ አስቀመጥኋት። ፊቷ አዲሱን ድስት አጠብሁ፣ ፊቷ ድንቹን ላጥሁ፣ ፊቷ ውኃውን አፈሰስሁ። እትዬ በአጥሩ በኩል ያያሉ፤ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው፣ አልነካሁም ለማለት። ድንቹ ሲበስል አወጣሁት። አንዱ ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱን ራሴ በላሁት። የቀረውን በሳህኗ አድርጌ አጠገቧ አኖርሁና፣ ብይ ሳልላት፣ በሞቴ ሳልላት፣ ወደ እሳቱ ዞርሁ። ብዙ ቆየ። ዞር ብዬ ሳይ ጉንጯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከአጥሩ በስተኋላ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያለቅሳሉ፤ እልል እንዳይሉ አስጠንቅቄያቸው ነበርና።

ሽሮፑንም እንደዚያው አደረግሁ። በክዳኑ ቀድቼ መጀመሪያ እኔ ቀመስሁ፤ የሚያንገሸግሽ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ክዳኑን ፊቷ አኖርሁት። አሸተተችው፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ጣቷን ነክራ ላሰች። እያረፈች፣ በጣቷ እየቆጠበች፣ ክዳኑን እስኪመሽ ጨረሰችው።

በማግስቱ ጧት በር ጀርባ ገባች። ፖፖውን አጠገቧ አድርጌ አብሬያት ቆምሁ። በእግር ጣቷ ቆመች፣ ጭኗን ገጠመች፣ ፊቷ ቀላ። “አይዞሽ” አልኋት፤ ሌላ ምን እላለሁ። ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጮኸች። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጉልበቷ ተፈታና ፖፖው ላይ ቁጭ አለች።

ወጣ። የሳምንታት ተራራ ወጣ። እኔ በሕይወቴ የስንት ሙሽራ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፣ የስንት ታቦት ንግሥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ነገር አላየሁም።

እልል አልሁ። በኛ አገር ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፣ ለሴት ሦስት። እኔ ሰባቱንም አወጣሁት፤ ለሴት ልጅ፣ ያውም ለዚህ። ሰፈሩ ገንፍሎ መጣ። የመጀመሪያዋ ገና ከደጅ “እንኳን ማርያም ማረችሽ!” አለችኝ። እርጉዝ እንዳልነበርሁ አሳምራ ታውቃለች፤ እልልታ ሲሰማ ግን የሚያስብ ሰው የለም። “አሜን” አልኋት። ምጥ ከነበረስ ነበረ። እትዬ ሰዉን ገፍተው ገቡ። ፖፖውን አዩ፤ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ።

ከዚያ ባለቤቴ ደረሰ። ቤትህ እልልታ አለ ብለውት ከወፍጮ ቤት ሮጦ ነው የመጣው፤ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ነው። ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

“ተናገረች?” አለኝ።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ይህ ሰው አንድም ቀን ስለ መናገሯ አንሥቶ አያውቅም። ስለ ሆዷ ሳወራው ስለ ሆዷ፣ ስለ ድንቿ ሳወራው ስለ ድንቿ ያወራኛል። ይህን ቃል ይዞ ስንት ዓመት እንደኖረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

“አልተናገረችም” አልሁት። “ወጣላት።”

ፖፖውን እንደያዝሁ ነበር። አየው። ልጁን አየ፤ ሆዷ ቀሏት፣ ከሰው ሁሉ ጀርባዋን አዙራ፣ ከትናንት የተረፈ ድንቿን ፍለጋ ሳህኗን ይዛለች። ዱቄቱ ፊቱ ላይ ረጠበ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ጎንበስ አለ፣ ፖፖውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁለት፤ በመካከላቸው ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ።